ለዴንቨሩ ወንድሜ፦ መኪናውን ከመግዛትህ በፊት

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ሀገር ቤት ያሉት እናትህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንደዋወል ዓመታት አለፉ። የተጣላን ሰዎች አይደለንም፤ አንተ ሌሊት ተሳፋሪ ታመላልሳለህ፣ እኔ ቀን፣ እንዲሁ ሳንገናኝ ጊዜው ሄደ። ናፍቆቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዛሬ ግን የምነግርህ ቁም ነገር ስላለኝ ነው የምጽፍልህ።

ሰሞኑን እዚህ አሌክሳንድሪያ በነበረ ሰርግ ላይ ከእናንተ ዘንድ የመጣ የጋራ ወዳጃችንን አገኘሁ። ስላንተ ስጠይቀው «ጤናው ደህና ነው፣ ግን አይተኛም» አለኝ። ያቺ ትልቋ መኪናህ ዕድሜዋን ጨርሳ የማርሽ ሳጥኗ፣ ካምቢዮዋ፣ መንሸራተት ጀምሯል፤ ሌላ ልትገዛ ነው፤ የምትፈልገውም ያንኑ ዓይነት ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። «በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራውን ሃይብሪድ ለምን አይገዛም?» ብዬ ብጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ፊት ሃይብሪድ የሚባል ነገር አታንሳ። ባትሪው ሲሞት መኪናውም አብሮ ይቀበራል ነው የሚለው» አለኝ።

ይህን ሌላ ሰው ቢለው ሰምቼ አልፈው ነበር። አንተ ግን ጋራዥ ውስጥ ያደግህ፣ የሞተር ክዳኑን ቴስታታ አውርደህ የሰቀልህ፣ የሞተርን በሽታ ከድምፁ የምትለይ ሰው ነህ። ጥርጣሬህ ከእውቀት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔም መካኒክን እንደሚያናግር ሰው ልናገር።

መጀመሪያ ባትሪውን እንጨርስ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው። የሃይብሪድ ባትሪ እንደ ስልክ ባትሪ እስኪያልቅ ተሟጦ፣ ከዚያ እስኪሞላ የሚሞላ አይደለም። ቶዮታዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ዳር አያስደርሰውም። ባትሪ የሚገድለው ደግሞ ያ ዳር ነው። ዕድሜውን ያረዘመለት ይኸው ጥንቃቄ ነው። ኮንስዩመር ሪፖርትስ የሚባለው መኪናና ሌላ ዕቃ የሚመረምር ድርጅት በ2011 ከ200,000 ማይል በላይ የሄደች የ2002 ፕራየስ የምትባል የቶዮታ ሃይብሪድ ፈልጎ፣ ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ እያለች ከፈተናት ዓይነት ጋር አወዳድሯት ነበር። በነዳጅ ፍጆታቸው መካከል የነበረው ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። ይህ እንግዲህ የጥንቱ፣ ገና ሲጀመር የተሠራው ባትሪ ነው። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ለሃይብሪድ ባትሪ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። ለባለ ስምንት ሲሊንደርህ ካምቢዮ እንዲህ ያለ ዋስትና የሰጠህ ሰው አለ?

አይበላሽም አልልህም። ይበላሻል። ሲበላሽም ጥቂት ሺህ ዶላር ያስወጣል። ግን አንተ ራስህ ካምቢዮ ለማሳደስ ስንት ተጠየቅህ? ባትሪው ደግሞ አንድ ድፍን ዕቃ አይደለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕራየስ ውስጥ 28 ክፍሎች ተደርድረው ነው ያሉት፤ ተፈትቶ ይመረመራል፣ ይጠገናል። አንዱን የሞተ ክፍል ብቻ ቀይረው የሚሸኙህን ግን አትመናቸው፤ የቀሩትም እኩያዎቹ ናቸውና ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላው ይከተላል። አብዛኛው ሰው ባትሪውን የሚገድለው ባለማወቅ ነው። ከኋላ መቀመጫ አጠገብ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ተሳፋሪ ሻንጣና ካፖርት ይከምርበታል፣ አቧራና ጸጉር ፊልትሮውን ይደፍነዋል፣ ባትሪው በሙቀት ይቃጠላል። ዘይት በቀየርክ ቁጥር እሱን ማጽዳት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

አሁን ወደምትወደው ነገር ልምጣ። የቶዮታ ሃይብሪድ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ የለውም። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ የለውም። ካምቢዮውም አንተ የምታውቀው ካምቢዮ አይደለም፤ የሚንሸራተት ዲስክ፣ የሚበጠስ ቺንጊያ፣ የሚቀያየር ማርሽ ውስጡ የለም። የቤንዚን ሞተሩና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በአንድ የማርሽ ስብስብ ተጣምረው ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይዞራሉ። አንዱ የኤሌክትሪክ ሞተር የቤንዚን ሞተሩን ያስነሳል፣ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍጥነቱንም ይቆጣጠራል፤ ሁለተኛው ጎማውን ይገፋል። ፍሬን ስትይዝ ያው ጎማ የሚገፋው ሞተር ተገልብጦ ዲናሞ ይሆንና፣ በሸራ ላይ ተቃጥሎ ይጠፋ የነበረውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ጓደኞቼ የፍሬን ሸራ የቀየሩበትን ጊዜ ለማስታወስ ይቸገራሉ። የቤንዚን ሞተሩም ቢሆን የተለየ ነው፤ የማስገቢያ ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ጋዙ ሲታመቅ አጭር መንገድ፣ ሲነድና ሲገፋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከእያንዳንዱ ጠብታ ቤንዚን የሚያወጣው ሥራ ግን ይበልጣል። የጎደለውን ጉልበት ኤሌክትሪኩ ይሞላል። ይህን አንድ ቀን ተፈትቶ ብታየው የሠሩትን ሰዎች ታደንቃቸዋለህ፣ እኔ አውቅሃለሁ።

ደግሞ ይህ የትናንት ነገር አይደለም። ፕራየስ ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1997 ነው፤ ኒውዮርክ ከ2005 ጀምሮ ሃይብሪድ ታክሲ ሌት ተቀን በፈረቃ አስነድታለች። እዚህ ዋሽንግተንም ናሽናል ኤርፖርት የታክሲው ሰልፍ ላይ ብትቆም የምታየው ሃይብሪድ፣ የምትሰማው አማርኛ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት አሮጌ ሃይብሪድ ካምሪ ገዝቼ እስካሁን የምበላው በእሷ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡ። ያንተ ዓይነት መኪና በጋሎን 18 ማይል ያህል ይሄዳል እንበል። ሰው የማይል ቁጥር ሲያወዳድር ይሳሳታልና በመቶ ማይል አስበው፤ መቶ ማይል ለመሄድ 5.6 ጋሎን ትቀዳለህ። በጋሎን 35 ማይል የሚሄደው መኪና ለዚያው መንገድ 2.9 ይበቃዋል። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ ሹፌር በዓመት 40,000 ማይል ቢነዳ ልዩነቱ ከ1,000 ጋሎን ያልፋል። ጋሎኑ 3 ዶላር ሲሆን ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። በሰኔ 2022 በመላው አሜሪካ አማካዩ ዋጋ 5 ዶላር ሲያልፍ ምን እንደተሰማህ አንተ ታውቃለህ። ከወጪ ቀሪ በሰዓት 20 ዶላር የምታገኝ ከሆነ፣ ያ 3,000 ዶላር 150 ሰዓት ሥራ ነው። ወንድሜ፣ «አይተኛም» ያለኝ ያ ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም። በዓመት 150 ሰዓት የምትነዳው ማደያውን ለመክፈል ብቻ ነው። እሱን ሰዓት ከልጆችህ ጋር ብታሳልፈው ወይም ብትተኛበት እኔ ደስ ይለኛል።

የማይመችህንም ልንገርህ። የሃይብሪድ ጥቅሙ የሚበዛው ቆም ነዳ በሚበዛበት ከተማ ውስጥ ነው። ከመሀል ዴንቨር እስከ ኤርፖርቱ ያለው ረጅሙ ጎዳና ላይ ልዩነቱ ይጠብባል፤ አይጠፋም ግን ይጠብባል። ብርዱም አለ። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚለው በከባድ ብርድ ከተማ ውስጥ ተራው መኪና ከነዳጅ ብቃቱ 15 በመቶ ያህል ሲያጣ፣ ሃይብሪዱ ከ30 በመቶ በላይ ያጣል። ባትሪው ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያ ስትከፍት ደግሞ ሞተሩ ውኃውን ለማሞቅ ብሎ ይነሳል። ይህን ሰምተው «አላልናችሁም?» የሚሉ አሉ። ከ35 ማይል ሠላሳ በመቶ ቢቀነስ እኮ 24 ይቀራል፤ ያንተዋ በበጋ እንኳን እዚያ አትደርስም።

ተራራውን ደግሞ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ዴንቨር ስትወርድ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ባትሪው መንገዱ ሳያልቅ ይሞላል። ያኔ መኪናው ሞተሩን ለፍሬን ማገዣ ብሎ በከፍተኛ ድምፅ ሲያዞር ትሰማለህ፤ ብልሽት እንዳይመስልህ። ፕራየስ ላይ ለዚሁ የተሠራ «ቢ» የሚል የካምቢዮ ቦታ አለ። ትልልቆቹም ሞተሩ አብሮ እንዲይዝ የምታደርግበት መንገድ አላቸው። አንተ ደግሞ ቁልቁለትን በማርሽ መያዝ የተማርከው ዓባይ በረሃ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጉዳይ እኔ አላስተምርህም።

«ሰባት ሰውና የበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ በፕራየስ ልጭን ነው?» እንደምትለኝ ይታየኛል። አይደለም። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ቶዮታ ሲየና የሚባለው ቫን የሚሠራው በሃይብሪድ ብቻ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ሰው ይጭናል፣ አራቱንም ጎማ የሚያሠራው ዓይነት በጋሎን 35 ማይል ይሄዳል። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞራቸው የራሳቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚዘረጋ የሚሽከረከር ዘንግ የለም። በበረዶ ላይ ለሚሠራ ሰው የምመርጠው እሱን ነው። የቫን መልክ አልወድም ካልክ ሃይላንደር ሃይብሪድ አለልህ፣ ለዕቃ ግን ሲየናው ይሰፋል። ዋጋው እንደሚከብድ አልክድም፤ ሻጮችም ተፈላጊነቱን ስለሚያውቁ ጨምረው ይጠይቃሉ። 4,000 ዶላር እንኳ ቢበልጥ ግን በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ በነዳጅ ይመልሰዋል። ባለቤትህ ወደ ሥራ ብቻ ለምትሄድባት ትንሽ መኪና ቢሆን ይህን ያህል አልሟገትህም ነበር፤ በዓመት 6,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው።

ሀገር ቤት ዘመዶችህ «እኛ እንኳ ኤሌክትሪክ ሆነናል፣ እናንተ አሜሪካ ተቀምጣችሁ ገና ሃይብሪድ?» እያሉህ ይሆናል። እኔንም እንዲሁ ይሉኛል። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ለኢትዮጵያ ምክንያት አለው፤ መብራቱ ከግድብ ውኃ ይመጣል፣ ነዳጁ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። አንተ ግን አፓርታማ ነው የምትኖረው፣ ማታ የምትሰካበት የራስህ ቦታ የለህም። ሌሊት የምትሠራ ሰው ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ሲዞር አያምርበትም። የራስህ ጋራዥ ያለው ቤት ስትገዛ ያኔ ስለ ሙሉ ኤሌክትሪክ እናወራለን። እኔ የምልህ ዓይነት ሃይብሪድ ምንም አይሰካም፤ ቤንዚን ቀድተህ ትሄዳለህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከገንዘብ የማይያያዝ። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ በክረምት ስንጠብቅ ሁላችንም ሞተር አስነስተን ማሞቂያ ከፍተን እንቀመጣለን። ትልቅ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ግማሽ ጋሎን ያህል ያቃጥላል፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ ከኋላ የቆመው ሹፌር ነው፣ ብዙ ጊዜም ያገራችን ልጅ። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በሃይብሪድ ስትጠብቅ ሞተሩ ማሞቂያው ሲፈልገው ትንሽ ተነስቶ ይጠፋል። ዕድሜያችንን የምንጨርሰው መኪና ውስጥ ነው፤ የምንስበው አየር ለእኔ ግድ ይሰጠኛል።

እንግዲህ ልትገዛ ስትሄድ እነዚህን ያዝልኝ። ከ2010 እስከ 2015 የተሠሩትን ፕራየሶች ተጠንቀቅ፤ ጭሱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው መስመር በጥቀርሻ ይደፈንና የቴስታታውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ያቃጥላሉ፣ ይህ በሹፌሮች ዘንድ የታወቀ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትተኸው ሂድ። ከሥር የጭስ ማጣሪያው ካታሊቲኩ ያለ መሆኑን እይ፤ ሌቦች የፕራየስን ይወዳሉ፣ የብረት መከላከያ ማስገጠም ገንዘቡ አይቆጭም። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም፣ ስለዚህ ሰው «ሃይብሪዱ ሞተ» ቢልህ መጀመሪያ እሷን ለካ። ዋናው ባትሪ ደግሞ ኮምፒውተር ተሰክቶበት የየክፍሉ ቮልቴጅ ሳይታይ ገንዘብ እንዳትከፍል።

የምለምንህ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከመፈረምህ በፊት አንድ ሲየና ተዋስና ከኦሮራ እስከ ተራራው አስኪደው፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚጽፈውን ቁጥር በዓይንህ እይ። ከዚያ ደስ ያለህን ግዛ፣ እኔ አልቀየምህም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነኝ፣ ስልኬ ያው የድሮው ነው። የመረመርከውን የባትሪ ውጤት ይዘህ ደውል፣ አብረን እናየዋለን። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ