ከኔ በላይ ሹፌር የለም የምንል ሰዎች

ይድረስ ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የመኪና አደጋ ዜና ስታወጡ ብዙ ጊዜ «ግዴለሽ አሽከርካሪ» የሚል ቃል አይጠፋም። እኔም አንብቤ፣ ከንፈሬን መጥጬ አልፋለሁ። ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኛላ። ዜናው እኔንም እንደሚመለከት የገባኝ ገና በቅርቡ ነው።

መንዳት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ሰው ገጭቼ አላውቅም። «ጎበዝ ሹፌር ነኝ» ስል ማንም ተከራክሮኝ አያውቅም፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ወር ግን እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ስነዳ፣ ከፊቴ ያለችው መኪና ፍጥነት ቀነሰች። ድንገት ዓይኔ የእናቴ ቀኝ እግር ላይ አረፈ። ወለሉን ጥብቅ አድርጋ ረግጣዋለች። እዚያ ጋ ፍሬን የለም። እጇም የበሩን መያዣ ጨምድዶ ይዟል። መብራት ላይ ስንደርስም እንደዚያው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ስንደርስ «እማዬ፣ አነዳዴ ያስፈራሻል እንዴ?» አልኳት። «ኧረ እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ ልጄ» ብላ ወረደች። ስንት ዓመት እንደዚያ ወለል ስትረግጥ እንደኖረች እንጃ።

ይህ የእኔ ችግር ብቻ አይደለም። ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች የመንዳት ችሎታቸውን ከሌሎቹ ተጠኚዎች ጋር እንዲያወዳድሩ ጠይቆ ነበር። ከአሜሪካኖቹ 93 በመቶው፣ ከስዊድኖቹ 69 በመቶው ራሳቸውን ከተሻለው ግማሽ ውስጥ አስገቡ። ግማሽ ግን ግማሽ ነው፤ ከመቶው 93 ሰው አይይዝም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። አደጋ ደርሶባቸው ሆስፒታል የተኙ 50 አሽከርካሪዎች ስለ ችሎታቸው ተጠየቁ። በፖሊስ መዝገብ መሠረት 34ቱ ጥፋቱ የራሳቸው ነበር። የሰጡት መልስ ግን አደጋ ካልደረሰባቸው ሰዎች መልስ ብዙም አይለይም። የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነውም ጎበዝ ነጂዎች ነን ባዮች ነበሩ።

ለምን እንዲህ እንሆናለን? እኔ እንደሚመስለኝ መንገድ ላይ ጥፋታችንን የሚነግረን ስለሌለ ነው። ፍሬቻ ሳላሳይ ስታጠፍ ከኋላዬ ያለው ሰው ፍሬን ይዞ ያተርፈኛል። እኔ እንኳን ላመሰግነው አላየሁትም። ስለዚህ 19 ዓመት ያለ አደጋ ስል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የእኔ ችሎታ፣ ስንቱ የሌላ ሰው ፍሬን እንደሆነ አላውቅም። ደግሞ «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ሁላችንም ለራሳችን በሚመች መንገድ ነው የምንተረጉመው። ፈጣኑ ጉብዝና ቅልጥፍና ነው ይላል፣ ቀስ ብሎ የሚነዳው ደግሞ ጥንቃቄ ነው ይላል።

መኪና ማቆም እንኳ በዚህ ይሻላል፤ መሬት ላይ መስመር አለ። ወርደህ ማየት ትችላለህ። እኔ ግን ወርጄ አላይም ነበር። አንድ ቀን ወደ መኪናዬ ስመለስ፣ ከጎኔ ያቆሙ ሽማግሌ በተሳፋሪው በር ገብተው፣ ማርሹን ተሻግረው ወደ መሪው ለመድረስ ሲታገሉ አገኘኋቸው። የእኔ ጎማ መስመሩን አልፎ በራቸውን ዘግቶባቸዋል። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ቃል ምን መሰላችሁ? «ቦታው ጠባብ ነው።» እሳቸው «ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ መኪናዬን አነሳሁ። ከእኔ መኪና በቀር በረድፉ ያሉት ሁሉ መስመራቸው ውስጥ ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምርመራው ተጠናቆ ምክንያቱ ሲታወቅ፣ «ግዴለሽ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ሰውዬው ምን እንዳደረገ ጻፉልን። ምን ያህል ተጠግቶ ይከተል ነበር? ስፖኪዮ አይቷል? ስልኩን አንስቷል? «ግዴለሽ» በሚለው ቃል ውስጥ ራሱን የሚያገኝ አንባቢ የለም። «መልእክት ለማየት ሁለት ሴኮንድ ዓይኑን ከመንገዱ ነቀለ» ብትሉ ግን ብዙዎቻችን እዚያ ውስጥ አለን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሁለት ሴኮንድ ማለት 28 ሜትር ነው። 28 ሜትር ሙሉ ሳያይ ሄደ ማለት ነው።

እኔ አሁን እናቴን ሳሳፍር ከፊቴ ካለው መኪና ራቅ እላለሁ፣ ፍሬንም ቀደም ብዬ እይዛለሁ። ቆም ስንል እግሯን አያለሁ። ትናንት ከቤት እስክንደርስ የረገጠችው አንዴ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ