ግራ እጅ ብቻውን

ውድ ሶል፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። አሁን የጻፍኩልህ ለሌላ ሰው ባወራው "ይሄ ልጅ ነካ አደረገው እንዴ" የሚያስብል ነገር ስለያዘኝ ነው።

ኪቦርድ ስትጫወት ግራ እጅህ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይዞ ቁጭ ይል ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ሥራው ሁሉ የቀኙ ነበር። ሰሞኑን የማዳምጠው የፒያኖ ቀረጻ ላይ ግራ እጅ ምን እንደሚሠራ ብትሰማ ታፍርበታለህ።

የፖላንዳዊውን አቀናባሪ የሾፓንን ኤቱዶች ታውቃቸዋለህ። ለጣት ማሠልጠኛ ተብለው የተጻፉ ናቸው፣ ግን ብዙ ጎበዝ ፒያኒስት ያላብባቸዋል። ሊዮፖልድ ጎዶቭስኪ የሚባል ሰው ታዲያ እነዚህ አልበቁትም። በ1870 (እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ሊቱዌኒያ፣ ቪልኒየስ አቅራቢያ የተወለደ፣ ፒያኖን በአብዛኛው ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። እነዚያኑ ኤቱዶች ወስዶ 53 አዳዲስ ጥናቶች ሠራባቸው። ከነሱ 22ቱ ለግራ እጅ ብቻ ናቸው! በአንዱ ደግሞ ሁለት የሾፓን ኤቱዶችን አንድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ያስኬዳቸዋል። ቀልደኛ ነው መሰለኝ።

"አብዮታዊው" የሚባለውን ኤቱድ አስታውስ። ግራ እጅ ታች እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ቀኝ እጅ ከላይ ዜማውን ይመታል። ጎዶቭስኪ ቀኙን ጭራሽ አስቀረው። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ግራ እጅ ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) ይመታና ይለቃል፣ ድምፁን በእግር የሚረገጠው ፔዳል ይዞ ያቆየዋል። እጁ ወዲያው ወደ ላይ ይዘላል። የግራ አውራ ጣት ደግሞ ወደ ቀጭኑ ድምፅ በኩል ስለሚውል ዜማው ለሱ ይደርሰዋል። መሀሉን የቀሩት ጣቶች ይሞሉታል። ቀኝ እጅ ጭን ላይ ቁጭ ብሎ ይመለከታል።

ቀረጻው የማርክ አንድሬ አምለን ነው፣ የሞንትሪያሉ ካናዳዊ። ሃይፒሪየን የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሲዲ አድርጎ አወጣው፣ በዚያው ዓመት ግራሞፎን የሚባለውን የክላሲካል ሙዚቃ መጽሔት ሽልማት አገኘ። ከሌሎች ፒያኒስቶች ትግሉ ይሰማሃል፣ ኖታዎቹን ለቅሞ መጨረሱ ራሱ ድል ይመስላል። አምለን ጋ ትግል የለም። ዜማው ረጋ ብሎ ይዘፍናል፣ ሌላው ከበስተጀርባው ያልፋል።

"ስቱዲዮ ውስጥ ቆራርጠው ቀጥለውት ነው" እንደምትል አውቃለሁ። ይቀጥሉ። የተሳሳተ ኖታ በመቁረጥ ይስተካከላል፣ አውራ ጣት ከአራቱ ጣቶች በላይ እንዲዘፍን ማድረግ ግን በመቀስ አይመጣም።

ሁሉንም ወደድኩት አልልህም። አንዳንዱ ላይ ጎዶቭስኪ አበዛው፣ ዜማው በጌጥ ብዛት ይታፈናል። ሁለቱንም ሲዲ ሳይነሱ ቁጭ ብሎ መስማት ራስ ያዞራል። እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ጎዶቭስኪ አምስተኛ ጥናት ነው። መነሻው የሾፓን አሥረኛ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) ሦስተኛ ኤቱድ ነው፣ ያ ቀስ ያለው፣ እዚህ ግን ለግራ እጅ ብቻ። ምንም አይሮጥም። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው ሁለት እጅ ነው ብለህ ትምላለህ።

ጎዶቭስኪ ራሱ በ1930 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ ስኬርዞ የሚባለውን የሾፓን የፒያኖ ሥራ እየቀረጸ ሳለ ስትሮክ መታው። እስከ 1938 ኖረ፣ መድረክ ላይ ግን አልተመለሰም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ አበዛው እያልኩ እሱን ማማቴ ቀነስ አለ።

ስለዚህ "አብዮታዊው" ላይ ዘለህ እንዳትገባ፣ በአምስተኛው ጀምር። በስልክ ስፒከር አይሆንም፣ ባሱ ይጠፋል፤ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ፈልግ። ከዚያ የመሰለህን ጻፍልኝ፣ ስድብም ቢሆን። ሊንኩን ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ ቁጥርህ ያው ነው አይደል?

ወንድምህ