ለጣና ዙሪያ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መዝገብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ነዋሪዎች፣ ከአገር ርቃችሁ የምትኖሩ ወገኖቻችንም፤

የምንለምናችሁ ለአንድ መዝገብ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላና ጎርጎራ በምግብ ቧንቧ ካንሰር፣ ሰዉ የጉሮሮ ካንሰር በሚለው ሕመም፣ የተያዘ ሁሉ የት እንደኖረ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ የሚያዝበት። ሕንፃ ወይም ማሽን ስላልሆነ ገንዘብ ማሰባሰቡ እንደሚከብድ እናውቃለን። ነገር ግን በሽታው የት እንደሚበዛ ሳይታወቅ ለየትኛው ወረዳ ምን ይላክ ማለት አይቻልም።

በሽታው በዓለም ላይ እኩል አልተበተነም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ510 ሺህ በላይ አዲስ ሕመምተኞች ተገኝተዋል፤ 445 ሺህ ያህል ሰዎችም ሞተውበታል። አንዱ የበዛበት መስመር ከሰሜን ኢራን ተነሥቶ በመካከለኛው እስያ በኩል ቻይና ይደርሳል። ሌላው ከኢትዮጵያ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። በአገራችን ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው አርሲና ባሌ ናቸው። በምዕራቡ ዓለም የበዛው ከውፍረትና ከጨጓራ አሲድ ጋር የሚያያዘው ዓይነት ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን ጠፍጣፋ ሕዋሳት የሚነሣው፣ ስኳመስ የሚባለው ያመዝናል። በዓለም ከ10 ሕመምተኞች 7 ያህሉ ወንዶች ናቸው። በእኛ መስመር በብዙ ቦታ የሴቶቹ ድርሻ ከዚህ ከፍ ይላል፣ ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሕመምተኞችም ብርቅ አይደሉም።

ይህን ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ሆስፒታል የሚቆጥረው የመጣውን ነው። አስፋልት ዳር ያለ ቶሎ ይመጣል፤ ከደሴት ጀልባ ጠብቆ የሚመጣው ይዘገያል ወይም እዚያው ይቀራል፤ እናም በሽታው መንገድ ባለበት የበዛ ይመስላል። ከሕመምተኛው ቁጥር ጎን የቀበሌው ሕዝብ በዕድሜና በጾታ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የቤተሰብ መዝገብ ማመሳከር ግድ ይላል።

ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ 40፣ 50፣ 60 እያለ ይከመራል፤ ስለዚህ መዝጋቢው «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ምን ያህል ልጅ ነበሩ?» ብሎ ያሰላል። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ካልተለየ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። አድራሻ ሲጠየቅ ብዙው ያረፈበትን የዘመድ ቤት ይናገርና ሁሉም የባሕር ዳር ሰው ይሆናል፤ መጠየቅ ያለበት ረጅም ጊዜ የኖረበት ቀበሌ ነው። ያው ሰው በሦስት ቦታ ታይቶ አንዱ ጋ «ኃይሉ»፣ ሌላው ጋ «ሀይሉ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። የምግብ ቧንቧው ሲ15፣ የጨጓራ አፉ ሲ16.0 በሚል የዓለም አቀፍ የበሽታ መለያ ቁጥር ሳይለዩ ከገቡ ደግሞ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይቀላቀላሉ።

ስለ ትኩስ መጠጥም በቃል ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ «ትኩስ ይጠጣሉ?» ሲባል ሁሉም «እንደ ሰው» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ መጠጥ ካንሰር የማምጣት ዕድል እንዳለው ገልጿል። ጥፋቱ የግለቱ እንጂ የቡናው አይደለም፤ የዘጌ ሰው ይህን በደንብ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ከጀበና እንደተቀዳ የሚጠጣ ሲኒ ከ65 በላይ ሊሆን ይችላል። መዝጋቢው ሰውየው «አሁን ይጠጣል» ባለበት ቅጽበት የቴርሞሜትሩን ጫፍ ሲኒው መሐል አስገብቶ ያነባል። ሲጋራ፣ አልኮልና የማድቤት ጭስም በየራሳቸው መስመር ይያዛሉ።

በሽታው የሚረጋገጠው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ በሚወሰድ ናሙና ነው፤ ከ6 እስከ 8 ቁራጭ፣ የቁራጮቹን መጠን ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን 10 ከመቶ ፎርማሊን፣ ናሙና እንዳይበላሽ በሚያቆይ ፈሳሽ፣ ውስጥ። ፎርማሊን ጠፍቶ በውኃ ወይም በግሉኮስ የተላከ ናሙና መንገድ ላይ ይበላሻል። ስም ክዳኑ ላይ ከተጻፈ ብልቃጦቹ ሲከፈቱ ይቀያየራሉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ደግሞ ፎርማሊን ሲነካው ይለቃል። ስሙ በእርሳስ፣ በብልቃጡ ገላ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ይጻፍ። እንጀራ ወይም ሥጋ ያለ ውኃ አልወርድ ያለው ሰው እንጥል በማስቆረጥ ጊዜ አያባክን፤ በዚያው ሳምንት ይመርመር።

ለአንድ ዓመት የሚያስፈልገን 2 ላፕቶፕ፣ 2 ሃርድ ዲስክ፣ 1 የሚቆለፍ የብረት ካቢኔ፣ እስከ 100 ዲግሪ የሚያነቡ 12 ቴርሞሜትሮች፣ 400 ባለክዳን ብልቃጥና 20 ሊትር ፎርማሊን ነው፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ 40 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ቀሪው ለሚፈሰው ነው። መረጃው የሚገባበት ካንሬግ 5 የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ትልቁ ወጪ የ2 መዝጋቢዎች ደመወዝና ወደ ደሴቶቹ የሚወስድ የጀልባ ነዳጅ ነው፤ ሰው በብዛት የሚዘነጋውም ይኸንኑ ነው። ጀልባ ያላችሁ በወር አንድ ምልልስ ብትሰጡን ከገንዘብ አይተናነስም።

ገንዘቡ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም፤ ሒሳቡ በየ3 ወሩ በየእድሩ ይነበባል። የሕመምተኞች ስም በካቢኔው ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከቢሮ የሚወጣው ቁጥርና ቀበሌ ብቻ ነው። መዋጮ በየእድራችሁ ጸሐፊ በኩል በደረሰኝ ስጡ፤ ዕቃ የምትሰጡ ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱን ከጸሐፊው ጠይቁ፤ ለምሳሌ የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር 42 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ለዚህ ሥራ አይሆንም።