ራዳሩንስ ማን ይፈትሸው?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ሚኒባሴን እየነዳሁ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። የፍጥነት መለኪያው ራዳር በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር ይላል። የእኔ ጌጅ ግን ከ60 አላለፈም። ልክ በዚያች ደቂቃ አንድ ሲኖትራክ በጎኔ ሽው ብሎ አልፎኛል።

የራዳር ጨረር በራቀ ቁጥር ይሰፋል። 300 ሜትር ላይ ከአንድ መኪና በላይ ይይዛል፤ ትልቁ መኪና ደግሞ ጨረሩን አጠንክሮ ይመልሳል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚለየው እንግዲህ የፖሊሱ ዓይን ነው።

መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸ ጠየቅሁ። «ማሽን አይሳሳትም» ተባልኩ።

ፍጥነት ሰው ይጨርሳል፤ ቁጥጥሩን ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን ራዳሩ የተፈተሸበት ቀን በቅጣት ወረቀቱ ላይ ይጻፍልን። ልጆቼን የማሳድረው በዚህች መንጃ ፈቃድ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሚኒባስ ሾፌር