አንኮበርን ዞሬው መጣሁ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? የሲልቨር ስፕሪንግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንመርምር፤ ሁለታችንም እኩል ጠፍተናል። እናትህን ሰሞኑን ለቅሶ ቤት አገኘኋቸውና «ተኮራርፋችሁ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ማታውኑ ግን ወረቀት ፈለግኩ።

ደግሞም የምነግርህ አለኝ። አንኮበር ሄጄ መጣሁ። አዎ፣ ተማሪ ሆነን «የሚቀጥለው ክረምት» እያልን ስንት ክረምት ያሳለፍንባት አንኮበር። አትቆጣ። አንተን ብጠብቅ ጉልበቴ እኔን አይጠብቀኝም።

ደብረ ብርሃን አድሬ በጠዋት ተነሳሁ። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ይነዳሃል፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ጋቢ የተከናነበ እረኛ። ከዚያ ድንገት ምድር ያልቃል። አፋፉ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ጠጋ ብዬ እጃቸውን አየሁ። በሁለት ጣት ሣሩን ከሥሩ ቆንጠር፣ አፈሩን አራገፍ፣ ወደ አፍ። ቦታ ሲቀይሩ እንኳ መነሳት የለም፤ በመቀመጫቸው ይንሸራተታሉ። ከእኔ ይልቅ ሣሩ ነበር የሚያሳስባቸው።

ጎረቤላ ፍርፍሬን በልቼ መንገድ የሚያሳየኝ ልጅ ያዝኩ። ገና መንገድ ሳንጀምር «በወጣህበት አትመለስ፣ ዞረህ ውረድ» አለኝ። ለራሱ ገበያ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አልነበረም። የድሮው ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ በአንድ በኩል ስታየው ተራ ጉብታ ነው። እንደ አንኮበር ያለ ታሪክ እዚህ ላይ ለምን ተቀመጠ ብለህ ትገረማለህ። መልሱ ያለው በጀርባው ነው።

ዳገቱን ብዙ አላወራልህም፤ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ወጣሁ በቃ። አናቱ ላይ ከድሮው ቤተ መንግሥት የተረፈው የግንብ ቁራጭ ነው። አጠገቡ በድሮው ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ፤ ሻይ ይጠጣበታል። ጠዋት ስለነበር ከታች ጉም የለም። በስተ ምሥራቅ ሸንተረሩ እየተደራረበ ወርዶ ወርዶ የአፋር ቆላ ውስጥ ይጠፋል። ልጁ «እዚያ ጋ አሊዩ አምባ ነው» ብሎ በዱላው አመለከተኝ።

ይኼኔ ነገሩ ገባኝ። እኛ ያንን ሁሉ ታሪክ የነገሥታት ስም አድርገን ሸመደድነው እንጂ፣ ቦታው ራሱ ሲናገር አልሰማንም። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በዚያ ቆላ አልፎ፣ አሊዩ አምባ ገበያ ገብቶ ነው ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው። አሞሌው፣ ጨርቁ በዚያ ይወጣል፤ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ በዚያ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይኼን ዘሎ የሚያወራ አስጎብኚ አልወድም። እዚህ አናት ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ማን እንደመጣ ሳይነገረው ያያል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር በ1834 ዓ.ም. ውል ሲዋዋል፣ እንግሊዞቹ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው የመጡት ለምን እንደሆነ ከዚህ ስታየው ግልጽ ነው። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሲመጣ የያዘው ይኼንኑ ነው። አንተ የታሪክ ፈተና ላይ «አንጎለላ ተወለደ» የሚለውን ረስተህ ከእኔ የቀዳኸውን ግን አልረሳሁም!

ስንወርድ በጀርባው ዞርን። የኔ ምርጫ ይኼኛው ነው፤ ከአናቱም አስበልጠዋለሁ። መንገዱ ቀጭን ነው፤ ጽድና ባሕር ዛፍ ያጅበዋል፣ ከዚያ እርሻ ለእርሻ ነው። አንዲት እናት ከማሳቸው የባቄላ እሸት ነቅለው በእቅፌ ጣል አደረጉልኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል ተቆጡኝ። ልጁ ደግሞ ምኒልክ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች የሰጣቸው ቦታ በየት በኩል እንደሆነ አሳየኝ። መሪያቸው አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 ሞቶ የተቀበረው እዚያው ነው። በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ቡናማ ወፍም አለች፤ የውጭ ሰዎች እሷን ብለው ይመጣሉ አሉ። እኔ ያየሁት ግን እሷን ይሁን ድንቢጥ፣ እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ ስትመጣ እንዲህ እናድርግ። ከመስቀል በኋላ ይሁን፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ። ማልደን እንውጣ፣ ከረፈደ ቆላው ይደበዝዛል። ያንን ነጭ ስኒከርህን ተወው፤ ቁልቁለቱ ላይ ያንሸራትታል። ቆሎውን እኔ እይዛለሁ። ጉልበትህስ እንዴት ነው? ያኔ ኳስ ሜዳ የተጎዳኸው ዛሬም ያምሃል? እውነቱን ጻፍልኝ፤ ካመመህ በቅሎ እንከራያለን።

ለእናትህ እስከ እሑድ ድረስ ደውልላቸው። ይደውላል ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ያው ያንተው