በስትራስቡርግ ካቴድራል ያለው ባሕረ ሐሳብ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁት። የምኖረው ፍራንክፈርት በመሆኑ ከተማዋን ሦስት ጊዜ በባቡር ሄጄ አይቻታለሁ፤ ጸሐፊው ስለ ፔቲት ፍራንስ ሰፈር፣ በወንዙ ዳር ስለተደረደሩት የቆዳ ፋቂዎች ቤቶች፣ እንዲሁም ጣሪያቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተነሥቶ «የተሸፈኑት» የሚለው ስም ብቻ ስለቀረላቸው ድልድዮች የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ቅር ያሰኘኝ ካቴድራሉ ውስጥ ያለው የሥነ ፈለክ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ አሻንጉሊቶች የሚታዩበት ተብሎ በአንድ ሐረግ መታለፉ ነው። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችንን የበዓላትና የአጽዋማት ማስያ ስሌት፣ ለቀመሰ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በዚያች ከተማ ከዚህ ሰዓት የበለጠ የሚቀርበው ነገር ያለ አይመስለኝም።

አስቀድሜ ስለ ሕንፃው ጥቂት ልበል፤ ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ካቴድራሉ ከቮዥ ተራሮች በመጣ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ 142 ሜትር የሚደርሰው ሹል ግንቡ በ1439 ተጠናቅቆ ከ1647 እስከ 1874 በዓለም ረጅሙ ሕንፃ ሆኖ ቆይቷል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ ይህ ከፍታ የእኩልነትን መርህ ይጥሳል ተብሎ ግንቡ እንዲፈርስ ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፣ የከተማዋ ሰዎች በ1794 ከቆርቆሮ የተሠራ ትልቅ የአብዮተኞች ቆብ ጫፉ ላይ ደፍተው አተረፉት። ብልሃታቸው ዛሬም ያስቀኛል።

ሰዓቱ የሚገኘው በሕንፃው ደቡባዊ ክንፍ ነው። በካቴድራሉ ከተተከሉት ሦስተኛው ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ሁለተኛው ደግሞ በ1574 ተጠናቅቆ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ መሥራት ያቆመ ነበር። ዣን ባፕቲስት ሽቪልጌ የተባለው የአካባቢው ባለሙያ ከ1838 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት ደክሞ፣ በስዕል በተዋበው በአሮጌው ሣጥን ውስጥ ፍጹም አዲስ መዘውር አስገባበት። በየሩብ ሰዓቱ ሕፃን፣ ወጣት፣ ጎልማሳና ሽማግሌ በተራ በሞት ፊት ያልፋሉ፤ በሰዓቱ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሐዋርያት በጌታ ፊት ሲያልፉ ዶሮው ክንፉን እያራገበ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ጎብኚው ሁሉ ስልኩን አንሥቶ የሚቀርጸው ይህንን ነው።

እኔን ግን ያቆመኝ ከታች በስተግራ ያለው፣ ጥርሳም ጎማዎች በመስታወት ውስጥ የሚታዩበት ክፍል ነው። በዚያ ላይ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ሳነብ ኤፓክት የሚል ቃል አገኘሁ፤ የእኛው አበቅቴ፣ ማለትም የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት ተጠራቅሞ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ቃሉም ያው ከግሪክ የመጣ ነው። ከጎኑ ሊቃውንቶቻችን ንዑስ ቀመር የሚሉት የ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት አለ። በልጅነቴ የሰፈራችን መሪጌታ «ወንበሩን በ11 አባዝተህ ሠላሳ ሠላሳውን ግደፍ» (ወንበር በዑደቱ ውስጥ ያለፉት ዓመታት ቁጥር ነው) እያሉ በቃል ያስጠኑኝን ስሌት ሽቪልጌ በጎማ ጥርስ ሠርቶታል ማለት ነው። ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር፣ ታኅሣሥ 31 ቀን ሌሊት፣ መሣሪያው የማንም እጅ ሳይነካው የመጪውን ዓመት ትንሣኤ አስልቶ፣ ከእርሱ ጋር የሚወጡና የሚወርዱትን በዓላት በቀን መቁጠሪያው ቀለበት ላይ በየቦታቸው ያሰልፋል። የሚያወጣው ቀን ከእኛ ፋሲካ ጋር አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥመው (በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን ገጥሞ ነበር) ሠሪው የተከተለው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር አበቅቴውን በአንዳንድ ምዕተ ዓመታት መባቻ ስለሚያርም ሲሆን፣ ያንን እርማት ጭምር በመዘውር መግለጽ መቻሉ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል።

ከሰዓቱ አጠገብ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የቆመው የመላእክት ዓምድ አለ፤ ከበላዩ በኩል አንድ የድንጋይ ሰው መደገፊያ ላይ ተደግፎ አተኩሮ ያየዋል። ዓምዱ ጣሪያውን አይችልም ብሎ የተከራከረ አርክቴክት ነው፣ እስኪወድቅ ይጠብቃል፣ ይላሉ የከተማዋ ሰዎች።

በመጨረሻ አንዲት እርማት ልጨምር። ትርኢቱ የሚታየው ዓምዳችሁ እንዳለው በእኩለ ቀን ሳይሆን፣ ሰዓቱ የሚከተለው የስትራስቡርግን የራሷን የፀሐይ ሰዓት በመሆኑ፣ በእጅ ሰዓት 12:30፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሕዝቡ ዶሮውን አይቶ ሲበተን ጥቂት የቆየ ሰው፣ አበቅቴውን ያለ ግፊያ ቀርቦ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከፍራንክፈርት