አሮጌ ላንድሮቨሮች በቁርጥራጭ ብረት ሂሳብ አይሸጡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጨረታ ገጾች ላይ «ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችና ቁርጥራጭ ብረታ ብረቶች» የሚል ማስታወቂያ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል፤ ምክንያቱም በዚያች አንድ መስመር ሥር፣ ቢጠገኑ ገና ሊሠሩ የሚችሉ አሮጌ ላንድሮቨሮችና ላንድክሩዘሮች ከተሰባበረ ወንበርና ከዛገ የፋይል ሳጥን ጋር ተደምረው በኪሎ ሲሸጡ አይቻለሁ። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች እንዲህ ያሉ መኪኖችን በግቢያቸው አቁመው የረሱ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ገዝቶ የሚያድሳቸው ሰው ሳይጠፋ፣ አካላቸው ሳይጠበቅና ሰነዳቸው ሳይሟላ ለቁራሌ ሚዛን የሚዳረጉበት አሠራር እንዲታረም ነው ይህንን ደብዳቤ የምጽፈው።

የእነዚህን መኪኖች ዋጋ ለመረዳት አሠራራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በእንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ይከፋፈል ስለነበር ፋብሪካው አብዛኛውን የውጭ አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠራው። ያ የችግር ጊዜ መፍትሔ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ጥቅም ሆኗል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልባት ጅማ፣ ለብዙ ክረምት ሜዳ ላይ የቆመ ላንድሮቨር ቀለሙ ተላልጦና ሣር በወለሉ በኩል በቅሎበት እንኳ ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎና የበሩ ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የቶዮታው ላንድክሩዘር ኤፍጄ 40 ግን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ሲመረት ሙሉ አካሉ ከብረት ስለነበር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ብርቱ ሆኖ ሳለ ገላውን ዝገት ቀድሞ ይበላዋል።

ላንድሮቨርን የሚገድለው ከዓይን የተሰወረው ክፍል ነው። መኪናውን ከሥር የሚሸከመው አፅም፣ ማለትም ሻንሲው፣ እንደ ሳጥን ተዘግቶ የተበየደ ብረት በመሆኑ፣ ከመንገዱ የሚረጨው ቀይ ጭቃ በውስጡ ተጠቅጥቆ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ እርጥበቱ ብረቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ አንድ ገዢ በጨረታ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ከማየቱ በፊት ትንሽ መዶሻ ይዞ ከሥር መግባት አለበት። ጤነኛ ሻንሲ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ግን ድምፁ ይታፈናል፣ የዛገ ቅርፊትም ይረግፍለታል። በተለይ የኋለኛው ባሌስትራ (የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝበው ተደራራቢ ብረት) የሚታሰርበት አካባቢ፣ ከዋናው ሻንሲ ወደ ጎን የሚወጡት ክንዶች፣ እንዲሁም ዳሽቦርዱን የሚሸከመው የብረት ግድግዳ ከእግር ማሳረፊያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በደንብ መመታት ይኖርባቸዋል። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በሚነካካበት መጋጠሚያ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ፣ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር በመነካካቱ በእርጥበት ምክንያት እየተበላ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህ ግን ላሜራ በመቀየር የሚድን ነው።

የሞተሩ ጉዳይ ብዙ ሰው ከሚፈራው በታች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተገጠመው ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር መሠረታዊ አሠራሩ ለረጅም ዓመታት ሳይለወጥ ስለቆየ፣ የአንዱ መኪና ዕቃ ለሌላው ይሆናል። ለዓመታት የቆመ ሞተር ተጣብቆ ቢገኝ በባትሪ ለማስነሣት መታገል አይገባም፤ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ዘይት የተቀላቀለበት ናፍጣ ማፍሰስና ለብዙ ቀናት አሳድሮ በእጅ መዘወሪያው ብረት ቀስ እያሉ መሞከር ይሻላል። የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ቴስታታው፣ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በጅማ ጋራዦች ይህንን የሚያውቁ አንጋፋ መካኒኮች አሁንም አሉ፤ ቶርኖ ቤቶቹም በገበያ የማይገኝ ቡሽ (በዘንግ ላይ የሚገባ ቀለበት) ቀርጸው ያወጣሉ። ይህ ዕውቀት ለወጣቶች የሚተላለፈው በሥራ ላይ ብቻ ነው፤ የሚሠራበት መኪና በጋዝ ተቆራርጦ ካለቀ ወጣቱ በምን ይማራል?

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? የመጀመሪያው ጊዜ ነው። መኪናው ሥራ ባቆመ በዓመቱ ቢሸጥ ሙሉ ዕቃው አብሮት ይኖራል። ግቢ ውስጥ በተረሳ ቁጥር ግን በመጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ካርቡራተሩና ዲናሞው፣ በመጨረሻም ቸርኬው ሳይቀር ይጠፋል። ሁለተኛውና የባሰው ሊብሬው ነው። አንድ የማውቀው ወጣት በአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያሸነፈውን አጭሩን ላንድሮቨር በብዙ ድካም ካስነሣ በኋላ ስም ማዛወር አልቻለም፤ ሊብሬው ከመዝገብ ቤት ጠፍቷል ተብሎ፣ በሻንሲው ላይ ያለው ቁጥርም በዝገት ተበልቶ ስለነበር መኪናው ሰሌዳ አጥቶ እስከ ዛሬ ከጋራዥ አልወጣም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ሲሆን ደግሞ ቀረጡን ሻጩ ይከፍላል ወይስ ገዢው የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ገንዘቡ ገቢ ከተደረገ በኋላ ነው። ሞተሩ በሌላ ዓይነት ሞተር ተቀይሮ ሳለ በሊብሬው ላይ ያልተመዘገበበት መኪናም አለ። እኔ በበኩሌ መኪናው ከነሙሉ ጥንተ ተፈጥሮው ቢታደስ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ተገጥሞለት በቡና ለቀማ ወራት ከጌራ ገጠር ጆንያ ተሸክሞ የሚወጣ ላንድሮቨር ለእኔ ከማንኛውም የብረት ክምር ይበልጣል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን ጠንካራ መኪኖች ጠብቆ የመጠገኑ ነገር የጥቂት አፍቃሪዎች ፍላጎት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። መሥሪያ ቤቶቹም ቢሆኑ ከኪሎ ሽያጭ የሚያገኙት ገንዘብ መኪናው ሙሉ ሆኖ ከነሊብሬው ቢሸጥ ከሚያገኙት ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

ስለዚህ በጅማ ዞን የሚገኙ የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅቶች የንብረት ክፍሎች፣ የቆሙ መኪኖቻቸውን ከቁርጥራጭ ብረት ለይተው በተናጠል ለጨረታ እንዲያቀርቡ፣ በማስታወቂያውም ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የሊብሬውን ሁኔታና ቀረጡ የተከፈለ መሆን አለመሆኑን በግልጽ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። ተጫራቾችም መኪናውን ከሥሩ ገብተው የሚመረምሩበት በቂ ሰዓት ይሰጣቸው። ጨረታው እስኪወጣ ድረስ ደግሞ መኪኖቹን ከእርጥብ መሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ማሳረፍና በላያቸው ቆርቆሮ ማልበስ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለምና፣ ይህ ሥራ የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት እንዲጀመር አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ